ማጀቱን ለልጆችም እንክፈት

ለዛሬው ጨዋታችን መነሻ የሆነኝ በራሴ ቤት የተፈጸመ ትንሽ ነገር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ሴት ልጄ ከእኔ ጋር ሽንኩርት ትልጣለች። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ የማጀቱን መቃን ተደግፎ፣ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን ሲመለከት ቆየና «እማዬ፣ እኔስ ምን ልሥራ?» አለኝ። «አንተ ወንድ ነህ፤ ሂድና ተጫወት» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስብበት ነው። እናቴ ለወንድሞቼ ትለው የነበረውን ነው መልሼ የተናገርኩት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኅቱ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠችና «እኔስ መቼ ነው የምጫወተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው። ሴት ልጅ «ሰሃን እጠቢ፣ ቡና ቁዪ፣ ውሃ አምጪ» እየተባለች ወደ ማጀት የምትጠራው ለሥራ ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ ከዚያው በር ይባረራል። በዚህም የተነሣ እሷ ማጀትን የድካም ቦታ ብቻ አድርጋ እየተመለከተች ታድጋለች፤ እሱም ጎልምሶ ከቤት በወጣ ጊዜ ለራሱ እንቁላል መጥበስ እንኳ ይቸግረዋል። የሚገርመው፣ «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የምንለው እኛው ራሳችን፣ በበዓል ዋዜማ ከኬክ ቤት የምንገዛውን ኬክ ያቦካውና የጋገረው ብዙ ጊዜ ወንድ መሆኑን ልብ አንለውም። ደመወዝ ሲከፈልበት ሙያ የሚባለው ሥራ፣ በቤት ውስጥ ሲሠራ ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው?

ስለዚህም በተከታዩ እሑድ ሁለቱንም ጠርቼ «ዛሬ ትንንሽ የቸኮላት ኬኮች እንጋግራለን» አልኳቸው። ኬክን የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም። ወጥ ቢሆን ልጆቹ ለረጅም ጊዜ እሳት አጠገብ ሊቆሙ ነው። እንጀራ ቢሆን ሊጡ እስኪቦካ ቀናት ይፈጃል፤ የጋለ ምጣድም ለትንሽ እጅ አይመችም። ኬክ ግን አብዛኛው ሥራው መለካት፣ ማፍሰስና ማማሰል ነው። ትንንሽ የሆነበት ምክንያትም አለው። ትልቅ ኬክ ሲጋገር ሠሪዋ እናት ትሆናለች፤ ልጆቹ ተመልካች ናቸው፤ ሲቆረስም «የሱ በለጠ፣ የኔ አነሰ» የሚል ጠብ አይጠፋም። ትንሿ ኬክ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የገዛ እጁ ፍሬ ናት። ቶሎ ስለምትበስልም ልጅ ጠብቆ አይሰለችም፤ የሚባክነው መብራት ወይም ከሰልም አነስተኛ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ግን አልሠመረም። ዱቄቱ ከአንዱ መደርደሪያ፣ ስኳሩ ከሌላው፣ ሶዳው ከየት እንዳለ ተፈልጎ እስኪወጣ ድረስ ልጆቹ ተሰላቹ፤ እኔም ተቻኮልኩ። በዚህ መካከል ልጄ በሻይ ማንኪያ ጨምር ያልኩትን ሶዳ በሾርባ ማንኪያ ጨመረው። ኬኩ ገንፍሎ ትሪው ላይ ፈሰሰ፤ ቆየት ብሎም መሐል መሐሉ ሰመጠ። ስንቀምሰው ሳሙና ሳሙና ይላል። ልቆጣ አፌን ስከፍት የልጁ ዓይን እንባ ማቅረሩን አየሁና ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሱ ሳይሆን ሳልዘጋጅ ወደ ሥራ የገባሁት የኔ ነበር። እኅቱ ሁለቱን ማንኪያዎች አመጣችና በሻይ ማንኪያው ውሃ እየቀዳች ትልቁ ውስጥ ጨመረች። ሦስት ጊዜ ስትጨምር ሞላ። «አየህ፣ አንተ ሦስት እጥፍ ነው ያደረግኸው» አለችው። እኔ ተቆጥቼ ላስተምረው የማልችለውን እሷ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አስተማረችው።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ዘዴ ደረቁን ድብልቅ አስቀድሞ በቤት ማዘጋጀት ነው። በካርቶን ታሽጎ ከውጭ አገር የሚመጣው የኬክ ድብልቅ ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ፣ ምን ምን እንደ ገባበት ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ ይጠይቃል። የቤቱን ግን እርስዎ ያውቁታል። ጥንቃቄ የሚሻው ልኬት ሁሉ በሥራ ቀን ማታ በርጋታ ያልቃል፤ ለእሑድ የሚቀረው ለልጆች ደስ የሚላቸው ክፍል ነው።

ለአሥራ ሁለት ትንንሽ ኬኮች የሚበቃው አንድ ድብልቅ የሚከተለው ነው።

ፉርኖ ዱቄት፦ 1 ኩባያ ተኩል (190 ግራም ያህል)
ስኳር፦ ከ1 ኩባያ ሩብ የጎደለ (150 ግራም ያህል)
ንጹሕ የካካዎ ዱቄት፦ 4 የሾርባ ማንኪያ
ቤኪንግ ሶዳ፦ ከ1 የሻይ ማንኪያ ሩብ የጎደለ
ጨው፦ የ1 ሻይ ማንኪያ ሩብ

በሚጋገርበት ቀን የሚጨመሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

ውሃ፦ 1 ኩባያ
የምግብ ዘይት፦ 5 የሾርባ ማንኪያ
አቼቶ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
ቫኒላ፦ 1 የሻይ ማንኪያ (ከተገኘ)

ኩባያ ስል ሩብ ሊትር የሚይዘውን ነው። ማንኪያውም በቢላዋ ጀርባ የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ካካዎ ሲገዙ ስኳርና ወተት የተቀላቀለበትን የሚጠጣ ቸኮላት ሳይሆን ንጹሑን ካካዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደርም አንድ አይደሉም። ሶዳው ብቻውን የሚገኝ ሲሆን ለመሥራት እንደ አቼቶ ያለ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል፤ ፓውደሩ ግን ኮምጣጣውን ከራሱ ጋር ይዞ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ልክ መተካት አይገባም።

ደረቆቹ ሁሉ በወንፊት ተነፍተው በደንብ ከተቀላቀሉ በኋላ፣ ታጥቦ በሚገባ በደረቀ ክዳን ባለው ብርጭቆ ይቀመጣሉ። ሦስት ወይም አራት ድብልቅ በአንድ ጊዜ ማዘጋጀት ቢፈልጉ እያንዳንዱን ለብቻው ለክተው በየብርጭቆው ቢያደርጉ ይመረጣል። በአንድ ትልቅ ዕቃ ተደባልቆ የተቀመጠ እንደሆነ ሶዳው ለሁሉም እኩል ላይደርስ ይችላል። በብርጭቆው ላይ የተዘጋጀበትን ቀንና በዕለቱ የሚጨመረውን የውሃ፣ የዘይትና የአቼቶ ልክ ጽፈው ይለጥፉበት። እርጥበትና ነቀዝ ካልደረሰበት ለሁለት ወር ያህል ሳይበላሽ ይቆያል። ዘይት ግን አስቀድሞ አይጨመርበትም፤ ሲቆይ ጠረኑ ይለወጣልና።

ምናልባት በውጭ አገር የኬክ መጻሕፍት ላይ ያለው የሶዳና የስኳር ልክ ከዚህ ከፍ እንደሚል አስተውለው ይሆናል። ይህም ከምንኖርበት ቦታ የተነሣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በኬኩ ሊጥ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝም በዚያው መጠን ቶሎ ይለጠጣል። ኬኩ ሳይበስል ይነሣና የሚደግፈው አጥቶ ይሰምጣል። ስለሆነም በደጋ ለምንኖር ሶዳውንና ስኳሩን ቀነስ ማድረግ ይበጃል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላማ ቦታ የሚኖሩ አንባብያን ግን ሶዳውን አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ሊያደርጉት ይችላሉ። ብዙ ሴቶች «የኔ እጅ ለኬክ አይሆንም» እያሉ ሲያዝኑ እሰማለሁ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን ለቆላ የተጻፈን ልክ ወደ ደጋ ማምጣት ነው።

አሁን ወደ እሑዱ ሥራ እንለፍ። አስቀድመው ኦቨኑን በ180 ዲግሪ ያሙቁ። ሊጡ ከተቀላቀለ በኋላ ብዙ መቆየት ስለማይገባው፣ መብራት መኖሩና ኦቨኑ መጋሉ ሳይረጋገጥ ውሃ አይጨመር። ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ረጅም ጸጉር ይታሰር፤ ነጠላ የለበሰ ካለም ያስቀምጠው። ቀጥሎ ብርጭቆው ይከፈትና ድብልቁ በጎድጓዳ ሳህን ይገለበጣል። ከዚያም ልጁ በማንኪያ ጀርባ እንደ ገበጣ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች በዱቄቱ ላይ ያበጃል። በአንደኛው ዘይቱ፣ በሁለተኛው አቼቶው፣ በሦስተኛው ቫኒላው ይገባል። በመጨረሻም ውሃው በሁሉም ላይ ይፈስሳል። አቼቶው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ቡፍ ቡፍ ሲል ልጆች የሚያሰሙትን ሳቅ እርስዎ ራስዎ ይስሙት። ያ አረፋ ኬኩን የሚያነሣው ጋዝ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይማሰልና ወዲያው ወደ ፎርማው ይግባ። ብዙ ከተማሰለ ኬኩ ይደርቃል፤ ከተቀመጠም ጋዙ ይበናል።

ፎርማው ዘይት ተቀብቶ ወይም ወረቀት ተደርጎበት እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሞላ። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበስላል። ስቴኪኒ ወይም ንጹሕ ስንደዶ መሐሉ ላይ ሲወጋ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ደርሷል ማለት ነው። የትንንሽ ኬክ ፎርማ የሌለዎት እንደሆነ አይጨነቁ። በዝርግ ትሪ ላይ ከጋገሩት በኋላ ሲበርድ በብርጭቆ አፍ እየቆረጡ ክብ ክብ ማውጣት ይቻላል። ቁርጥራጩም አይጣልም፤ የልጆች ድርሻ ነው።

ኦቨን የሌለው ቤትም ኬክ አይከለከልም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ በታችም በላይም እሳት አድርገው ሲጋግሩ የኖሩት ኦቨን ኖሯቸው አይደለም። በወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ያድርጉና ከድነው በከሰል ላይ ያግሉት። ሲግል ኬኩን የያዘውን ትሪ በአሸዋው ላይ አስቀምጠው ይክደኑት፤ በክዳኑም ላይ ጥቂት ፍም ያድርጉበት። ጊዜው ከኦቨኑ ትንሽ ረዘም ይላል። ነገር ግን የከሰል ጭስ ባይታይም ገዳይ ነውና ምድጃው ከቤት ውጭ ወይም አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ይሁን። አባት በቤት ካለ እሳቱን እሱ ቢቆጣጠር መልካም ነው። ልጆቹም አባታቸውን በዚያ ቦታ ማየታቸው ራሱ ትምህርት ነው።

ሥራውን እንደየዕድሜያቸው ያካፍሉ። የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን ወረቀቱን በፎርማው ውስጥ ያስቀምጣል፤ የተለካውን ያፈስሳል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያለው ጉድጓዱን ያበጃል፤ ያማስላል፤ ይቆጥራል። ከስምንት ዓመት በላይ ያለችው የብርጭቆውን ጽሑፍ ታነባለች፤ ትለካለች፤ ሰዓት ትቆጣጠራለች። ሩብ፣ ግማሽና ሦስት ሩብ የሚባሉት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስቸግሯት የነበሩ ቁጥሮች በኩባያ ሲታዩ እንዴት ቀላል እንደሚሆኑላት ያያሉ። ኦቨኑን መክፈትና ትኩሱን ትሪ ማውጣት ግን የአዋቂ ሥራ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አንድ ነገር ላክል። ልጆች ሊጡን በጣታቸው ጠርገው መላስ ይወዳሉ። እንቁላል የሌለበት እንኳ ቢሆን ያልበሰለ ዱቄት በሽታ የሚያስከትሉ ጀርሞች ሊኖሩበት ስለሚችል አይፍቀዱላቸው። «አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሥ፤ ከዚያ ሙሉው ያንተ ነው» ማለት ይበቃል። ስኳሩንም በተመለከተ ለአንድ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ትንሽ ኬክ በቂው ነው። ከላይ ክሬም መደረቡም አያስፈልግም። ማታም ጥርሳቸውን ሳይቦርሹ እንዳይተኙ።

ኬኩ እስኪበስል ባለው ጊዜ ልጆች ጥያቄ ያበዛሉ። መልስ ይዞ መጠበቅ ጥሩ ነው። ስኳሩ ከሸንኮራ አገዳ እንደሚወጣና በአገራችን የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረ ይንገሯቸው። ካካዎ በሞቃትና ዝናም በማያጣው ምድር የሚበቅል ዛፍ ፍሬ መሆኑን፣ የዓለምን ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚያመርቱትም ኮትዲቯርና ጋና የተባሉ የአፍሪካ አገሮች መሆናቸውን ያስረዷቸው። የኔ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ግን የአልፍሬድ በርድን ታሪክ ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሚኖር መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ባለቤቱ ኤልሳቤጥ እንቁላልና እርሾ የማይስማማት ሴት ነበረች። እሱም እሷ የምትበላውን ሲያስብ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ያለ እርሾ ሊጥ የሚያነሣ ቤኪንግ ፓውደር ሠራ። ልጄ ይህን ሲሰማ «እሱም ማጀት ይገባ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። «ገብቶ ነበር እንጂ» አልኩት።

ውድ አንባቢ፣ እስከ አሁን ካነበቡት እንደ ተረዱት በዚህ ኬክ ውስጥ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሉበትም። ስለዚህም ለልደትም ሆነ ለዒድ የሚሆነው ኬክ ለጾምም ይሆናል። ይህም በቤቴ ያልጠበቅኩትን ነገር አስከተለ።

በሁዳዴ ጾም ውስጥ በዋለ አንድ እሑድ እናቴ ከቅዳሴ በኋላ ልትጠይቀን መጣች። ልጄ ከጋገርነው ውስጥ ሁለት መርጦ በሰሃን አቀረበላት። «በሁዳዴ ኬክ! እግዚኦ!» ብላ ፊቷን አዞረች። እሱም ጣቱን እያጠፈ «እማማ፣ እንቁላል የለበትም፤ ወተት የለበትም፤ ቅቤ የለበትም» ብሎ ቆጠረላት። ጥቂት አሰበችና ከአንደኛው ቆርሳ ቀመሰች። «ማን ሠራው?» አለች። «እኔ» አላት። «እጅህ ይባረክ» ብላ ጉንጩን ሳመችው። ቀጥላም ወደኔ ዞር ብላ «ለመሆኑ አንቺ፣ ወንዱን ልጅ ማጀት ታስገቢያለሽ?» ስትል ሁለተኛውን አነሣች።

ልመልስላት አስቤ ተውኩት። ክርክሩን ኬኩ ጨርሶልኛልና። ደግሞም በቤታችን ሰሃን ማጠብ በተራ ሆኗል፤ የዚያን ቀን ተረኛው ልጄ ነበር። በርጩማ ላይ ቆሞ ጎድጓዳውን ሳህን ሲያጥብ አያቱ በግርምት ትመለከተው ነበር። እኅቱ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ደጅ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወት ነበር። በመስኮት ድምፅዋ ይሰማኛል። ያን ዕለት ሽንኩርት እየላጠች የጠየቀችኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

እርስዎም በዚህ ሳምንት ማታ አንድ ብርጭቆ ድብልቅ ያዘጋጁ። እሑድ ሲደርስ ሁለቱንም፣ ወንዱንም ሴቷንም ይጥሩ። የመጀመሪያው ቢሰምጥ አይቆጡ፤ ምክንያቱን አብራችሁ ፈልጉ። ዱቄት መሬት ይፈስስ ይሆናል፤ እሱ ይጠረጋል። «ሂድ፣ ይህ ያንተ ቦታ አይደለም» የተባለ ልጅ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠረግም።